የቦጋለች ግንባር በሦስት ፕሮግራም

«ያ ምንድነው?» አለች ሀዳስ፣ ጣቷን ስክሪኑ ላይ ለጥፋ።

ትዋብ መልሱን አሳምራ ታውቀዋለች። ስክሪኑ ላይ ያለችው አክስቷ ቦጋለች ናት። ጎንደር ከተማ፣ አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ፣ ወንበር ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች፤ ሻሿን ወደ ኋላ አስራዋለች፤ ፎቶ አንሺው «እንዳትንቀሳቀሺ» ያላት ይመስል ትንፋሿን ይዛለች። የሀዳስ ጣት ያረፈው ግንባሯ ላይ ነው። እዚያ፣ ከሁለቱ ቅንድቦቿ ከፍ ብሎ፣ አረንጓዴም ጥቁርም የሚመስል ትንሽ መስቀል ተነቅሷል።

«ቆሻሻ ነው» አለች ትዋብ። «ፎቶው አሮጌ ስለሆነ ነው።»

ፎቶው አሮጌ አይደለም። ባለፈው ወር ነው ከጎንደር የገባ ሰው በኪሱ ይዞት የመጣው። ትዋብ ለምን እንደዋሸች ለራሷም አልገባትም። ከሀዳስ ጋር ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት፤ አንድ ሳንድዊች ለሁለት ይበላሉ፤ የሚደባበቁት ነገር የለም። ግን ይሄ መስቀል አንድ ጥያቄ መልሰሽ የምትገላገይው ነገር አይደለም። አንዱን ስታስረጂ ሌላው ይመጣል። የአይሁድ ቤተሰብ ሆናችሁ ለምን መስቀል? ቤተሰቦቿ ክርስቲያን ሆነው ስላደጉ። ታዲያ እናንተ ክርስቲያኖች ናችሁ? አይ፣ ማለቴ፣ ዘራችን... እዚህ ላይ ትዋብ ራሷ መንገዱ ይጠፋባታል። አንዴ፣ ሌላ ትምህርት ቤት እያለች፣ ለክፍል ልጆች ልታስረዳ ሞክራ ነበር። ሳትጨርስ ተደወለ። ግማሹ ክፍል የሰማው ጥያቄውን ብቻ ነው።

«ዮፊ፣ ግሩም!» አለች ሀዳስ ደስ ብሏት። «የሚጸዳ ነገር ስንፈልግ አልነበር? ይኸው ተገኘ።»

የኮምፒዩተር አስተማሪያቸው ኦፊር የሰጣቸው ሥራ ሲሰሙት ቀላል ነው። ኤርብራሽ የሚባለውን፣ ቀለም እንደ ጉም የሚረጨውን መሣሪያ፣ በሦስት ፕሮግራሞች ማወዳደር፦ በፔይንት፣ በጂምፕና በፎቶሾፕ። አንድ ፎቶ፣ አንድ ቦታ፣ ሦስት ጊዜ። «የቱ ይሻላል ብቻ አይደለም የምጠይቃችሁ» ብሏቸዋል፣ በሰንደል ጫማው ወንበሮቹ መሃል እየተንጎራደደ፤ «እያንዳንዱ ምን እንደሚያደርግ ንገሩኝ።» ዘጠነኛ ክፍል ሁሉ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ፎቶ ፍለጋ ገባ። አብዛኛው የገዛ ራሱን ብጉር ይዞ መጣ።

ትዋብ የአክስቷን ፎቶ ስካን ያደረገችው ግን ለዚህ አልነበረም። እናቷ አዝዛት ነው። ቦጋለች ወደ እስራኤል ለመምጣት ጎንደር ከተማ ቤት ተከራይታ ስትጠብቅ ስምንት ዓመት ሆኗታል። ታናሽ እህቷ፣ የትዋብ እናት ይሻሽ፣ አሁን ፋይሏን እንደ አዲስ ልታስገባላት ነው። ለፋይሉ ፎቶ ያስፈልጋል፣ ያላቸው ደግሞ አንድ ብቻ ነው። «ትምህርት ቤት አባዥልኝ» አለቻት፤ ነገሩ ይሄው ነበር። ምስሉ ገና ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ሀዳስ ከኋላ ደረሰች።

እንግዲህ ቆሻሻ ነው ብለሽ ተናግረሽ አልጠርግም ማለት አይቻልም። ትዋብ ማውሱን ያዘች።

በፔይንት ጀመሩ። እሱ የትንንሽ ልጆች ነው፤ የስፕሬይ ጣሳ ሥዕል አለው፣ ትጫኚዋለሽ፣ ይረጫል። ትዋብ ከአክስቷ ጉንጭ ቀለም ቀዳችና ግንባሯ ላይ ረጨች። ቀለሙ ግን ከቆዳው ጋር አልተዋሐደም። ነጥብ ነጥብ ሆኖ ተበተነ፤ ጤፍ የተደፋባት ነው የሚመስለው፤ በነጥቦቹ መሃል መስቀሉ እንዳለ ይታያል። ጣቷን ሳታነሳ ስትቆይ ነጥቦቹ ተጠጋግተው አንድ ወጥ ቡናማ ሆኑ።

«ፕላስተር ለጠፍሽባት» አለች ሀዳስ እየሳቀች። ደብተሯ ላይ ጻፈች፦ ፔይንት ይደፍናል፣ ግን ይታወቅበታል።

ጂምፕ ላይ ኤርብራሹ ሁለት መቆጣጠሪያ አለው፤ አንዱ ፍጥነቱን፣ ሌላው ግፊቱን ይወስናል። ቀለሙ ለስላሳ ነው፤ ጠርዙ የት ጋ እንደሚያልቅ አይታይም። ችግሩ፣ ጣትሽን ካላነሳሽ እጅሽ ባይንቀሳቀስም መርጨቱን አያቆምም። ትዋብ ደግሞ መሃል ላይ ቆመች። አክስቷ ይህን ብታይ ምን ትል ይሆን የሚል ሐሳብ መጣባትና ጣቷ እንደተጫነ ቀረ። ነቃ ስትል የቦጋለች ግማሽ ግንባር ጭጋግ ለብሷል። ወደ ኋላ መለሰችው። እንደገና ሞከረች። በሦስተኛው ሙከራ መስቀሉ ደብዝዞ ጥላ መሰለ፤ የሆነ ነገር እንደነበረ ግን ያስታውቃል።

ፎቶሾፕ ሌላ ነው። ብሩሽ ትመርጫለሽ፣ ከላይ ኤርብራሹን ታበሪዋለሽ፣ ፍሰቱን ዝቅ ታደርጊዋለሽ፣ ከዚያ ከፈለግሽበት ቦታ ቀለም እየቀዳሽ በስሱ ትረጫለሽ። ትዋብ የሰው ግንባር አንድ ቀለም እንዳልሆነ ያወቀችው ያኔ ነው። በግራ በኩል ብርሃን ያረፈበት ቀላ ይላል፤ ወደ ሻሹ ሲጠጋ ይጠቁራል፤ ቅንድቡ አጠገብ ትንሽ ያብለጨልጫል። ዘጠኝ ጊዜ ቀለም ቀየረች። ሀዳስ ወሬዋን ትታ ዝም ብላ ታያለች። መስቀሉ ቀስ በቀስ ሄደ። ተሸፈነ አይባልም፤ ድሮም አልነበረም።

ኦፊር በአጠገባቸው ሲያልፍ ቆመ። «እዚህ ጋ ምን ነበር?»

«ቆሻሻ» አለች ሀዳስ።

ጎንበስ ብሎ አየ፣ አጉልቶ አየ። «ምንም የለም» አለ። «ማንም ሰው አያውቅም። ትዋብ፣ ይሄ የባለሙያ ሥራ ነው።»

ትዋብ ደስ አላት፤ ይህን መካድ አይቻልም። ኦፊር እንዲህ ብሎ የሚያሞግስ ሰው አይደለም። ግን ሁሉም ወደየሥራው ሲመለስ ስክሪኑን ቀና ብላ አየችና ደስታው ግራ መጋባት ሆነባት። ከአክስቷ ጋር የተለያዩት አምስት ዓመት ሲሆናት ነው። ከመልኳ የምታስታውሰው አንድ ነገር ቢኖር ይሄ መስቀል ነበር። አሁን ስክሪኑ ላይ የተቀመጠችው ሴትዮ ቆንጆ ናት፣ ግንባሯ ጥርት ያለ ነው፣ ማን እንደሆነች ግን ትዋብ አታውቅም። አራቱንም በፎቶ ወረቀት አተመቻቸው፦ ያልተነካውን ለእናቷ፣ ሦስቱን ለትምህርት ቤት።

ቤታቸው ሽኩና ዩድ አሌፍ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አባቷ የፋብሪካ ፈረቃ ላይ ስለሚውል የወረቀት ጉዳይ ሁሉ የእናቷ ነው። ይሻሽ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ትሠራለች፤ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ከሥራ ስትገባ ትዋብ ፎቶዎቹን ጠረጴዛው ላይ ደርድራ ካርቶን ላይ ልትለጥፍ እየለካች ነበር። ሰዓቱ አምልጧታል። ልትሰበስባቸው እጇን ስትዘረጋ እናቷ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ከአጠገቧ ቆማለች።

ትዋብ ቁጣውን ጠበቀች። መልሷንም አዘጋጅታለች፦ የቤት ሥራ ነው፣ አስተማሪው ነው ያዘዘን። እናቷ ግን አልተቆጣችም። ከአራቱ የፎቶሾፑን አነሳች።

«መስቀሉን ማን አነሳላት?»

«እኔ። በኮምፒዩተር።»

«አንች?»

«ኤርብራሽ የሚባል ነገር አለ፣ ቀለም ይረጫል...»

እናቷ እየሰማቻት አልነበረም። ፎቶውን ወደ መስኮቱ ወስዳ በብርሃን አየችው። ሌላው እጇ፣ ሳታውቀው፣ ወደ ራሷ ግንባር ሄደ። እሷም ነበራት። እዚህ አገር በገቡ በሁለተኛው ዓመት ሆስፒታል ተመላልሳ በጨረር አስነሳችው። ዛሬም ብርሃን ሲያርፍበት ነጣ ያለ መስመር ይታያል። ስለዚህ ጉዳይ እቤት ውስጥ አይወራም፤ አይወራም ያለ ሰው የለም፣ ዝም ብሎ አይወራም።

«ለፋይሉ ይችን ነው የምናስገባው» አለች ይሻሽ።

ትዋብ የሰማችውን ማመን አቃታት። «እማዬ፣ እሱ እኮ ለትምህርት ቤት ነው። እውነተኛዋ ያቻት።»

«አይቻታለሁ።»

«አክስቴ ግን መስቀሉ አላት።»

«ስትመጣ ታስነሳው የለ? እኔ አላስነሳሁም?» እናቷ ቦርሳዋን አሁን አወረደች። «አንድ ቀን መነሳቱ ካልቀረ፣ ቀድሞ ወረቀቱ ላይ ቢነሳ ምን ክፋት አለው?»

ነገሩን በአንድ በኩል ሲያዩት ልክ ነው። በሌላ በኩል ሲያዩት ደግሞ ልክ ያልሆነ ነገር አለው፣ የቱ ጋ እንደሆነ ግን አይያዝም። እናቷ ፎቶውን በንጹህ ፎጣ ጠቅልላ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠችው። ራት ላይም ደስ ብሏት ነበር፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ስለ ቦጋለች ልጅነት አወራች፣ ሳቀችም። ትዋብ አብራት ሳቀች። ይህን ያህል ካስደሰታት መጥፎ ሥራ ሊሆን አይችልም ብላ ለራሷ ነገረችው፤ ራሷ ግን አልተቀበላትም።

በማግስቱ ሰኞ አባባ ዘበነ መጡ። አባባ ዘበነ ሽኩና ቤት በሚባለው ሌላ ሰፈር ነው የሚኖሩት፤ አገር ቤት አስተማሪ ነበሩ። አሁን ጡረታ ወጥተው የሰፈሩን ሰው ቅጽ ይሞላሉ፣ ፋይሎቹን ሰብስበው ኢየሩሳሌም ወዳለው መሥሪያ ቤት ይዘው ይሄዳሉ። ማንም ይህን ሥራ አልሰጣቸውም፤ ዕብራይስጡን ማንበብ ስለቻሉ በዚያው የእሳቸው ሆነ። ሻይ ቀረበላቸው። መነጽራቸውን ጠርገው የይሻሽን ወረቀቶች አንድ በአንድ አገላበጡ።

«ፎቶዋስ?»

ይሻሽ ከፎጣው ፈትታ ሰጠቻቸው። አባባ ዘበነ ክንዳቸውን ዘርግተው ከሩቅ አዩት። ቦጋለችን በአካል አይተዋት አያውቁም።

«መልከ መልካም ናት። ቁርጥ አንችን» አሉ። «ፎቶው ጥርት ያለ መሆኑ ጥሩ ነው። እዚያ ጎንደር የሚጠይቁት ሰዎች መጀመሪያ ፎቶውን ያያሉ፣ ቀጥለው ሰውየውን ያያሉ፣ እንደገና ፎቶውን ያያሉ። አንድ የኛ ሰው ፎቶው ላይ ጢሙ እስከ ደረቱ ነው፤ የቀጠሮው ቀን ደስ ብሎት ሙልጭ አድርጎ ተላጭቶ ሄደ። ማን ይወቀው? ጢሙ እስኪያድግ ሌላ ቀጠሮ ጠበቀ።» ራሳቸው ሳቁ።

ትዋብ ወደ እናቷ አየች። እናቷ ደግሞ ቀድማ እሷን እያየች ነበር፤ ከንፈሯ አልተንቀሳቀሰም፣ ዓይኗ ግን ዝም በይ አለ። አባባ ዘበነ ፎቶውን ከቅጹ ጋር አያይዘው በሰማያዊ ፋይል ውስጥ ከተቱት።

«ረቡዕ በማለዳ ነው የምሄደው» አሉ ሲነሱ። «እግዚአብሔር ይርዳን።»

በሩ እንደተዘጋ ትዋብ በዕብራይስጥ ጀመረች፣ ስትናደድ አማርኛው አይመጣላትም። «ሰማሽ አይደል? መስቀሉን ግንባሯ ላይ ሲያዩ ፎቶው የሌላ ሰው ነው ይላሉ።»

እናቷ በአማርኛ መለሰች። «እዚህ ፋይሉን የሚከፍተው ሰው ደግሞ ቦጋለችን አያውቃትም። ስሟን ሳያነብ ግንባሯን ነው የሚያየው። ይች ከኛ ወገን አይደለችም ቢልስ? እኔ አውቀዋለሁ። እኔን አይተውኛል።»

«ማን አየሽ?»

«አንች ልጅ ነበርሽ።» ብርጭቆዎቹን አንስታ ወደ ወጥ ቤት ሄደች፤ ከዚያም ከነብርጭቆዎቹ ተመለሰች። «ፎቶው የሌላ ሰው ነው ይሉ ይሆን አይሉ ይሆን፣ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ከኛ ወገን አይደለችም ይሉ ይሆን አይሉ ይሆን፣ እኔም አላውቅም። እንግዲህ ሁለታችንም ካላወቅን እኔ ታላቋ ልወስን። ስምንት ዓመት እኮ ነው፣ ትዋቤ። ሌላ ስምንት ዓመት የምትቆይበት አቅም የላትም።»

ትዋብ ክፍሏ ገብታ የቀሩትን ሦስት ፎቶዎች አወጣች። ያልተነካው፣ በነጥብ የተደፈነው፣ ጥላ የቀረበት። አንዷን ስታይ እናቷ ልክ ትሆንባታለች፤ ሌላዋን ስታይ አባባ ዘበነ። ከሁሉም በላይ ያቃጠላት፣ ያንን ንጹህ ግንባር የሠራችው ራሷ መሆኗ ነው። ፕላስተር የመሰለውን ብቻ ሠርታ ቢሆን ኖሮ ማንም ለፋይል አይመርጠውም ነበር። አክስቷ ብትቀር በማን እጅ ነው የቀረችው?

ማክሰኞ ኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ ሀዳስ የመጨረሻውን ገጽ ትጽፋለች። ሥራው ሐሙስ ነው የሚቀርበው። «ስሚ» አለችና አነበበች፦ «ከሦስቱ የሚበልጠው ፎቶሾፕ ነው፤ ምክንያቱም ከሥራው በኋላ እዚያ ቦታ ላይ ምን እንደነበረ ማንም አያውቅም።»

«እሱን አትጻፊ» አለች ትዋብ።

«ለምን? ኦፊር ራሱ ያለው ነው።»

«እንዲሁ። አትጻፊው።»

«ምን ሆነሻል አንቺ? ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ፊትሽ ልክ አይደለም። እንዲያውም ከሁሉ የሚያምረውን ፎቶ የት ጣልሽው? ካርቶኑ ላይ የለም።»

ትዋብ ሌላ ውሸት ፈለገች። ጠፍቶብኛል ልትል ትችላለች፤ ውሃ ፈሶበት ነው ልትል ትችላለች። ሁለቱም ምላሷ ላይ ነበሩ። ግን ደክሟታል። «ቆሻሻ አልነበረም» አለች። «ንቅሳት ነው። መስቀል። አክስቴ ናት፣ ግንባሯ ላይ መስቀል አላት።»

ሀዳስ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ታዲያ ለምን ቆሻሻ ነው አልሽኝ?»

«እንጃ።»

«እስቃለሁ ብለሽ ነው?»

«እንጃ አልኩሽ እኮ። ስትጠይቂኝ አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው።»

ሀዳስ ተቀየመች፤ ፊቷ ላይ በግልጽ ይታያል። ግን ተነስታ አልሄደችም። ትዋብ የቀረውንም ነገረቻት፦ ስለ ፋይሉ፣ ስለ እናቷ፣ ስለ አባባ ዘበነ፣ ፎቶው ነገ ጠዋት ኢየሩሳሌም እንደሚሄድ። ስትናገር ለራሷም ይበልጥ ተወሳሰበባት። መጨረሻ ላይ «አንቺ ብትሆኚ የቱን ታስገቢያለሽ?» ብላ ጠየቀቻት፤ ሀዳስ መልሱን እንድትሰጣትና እንድትገላገል ከልቧ ፈለገች።

«እኔ ምን አውቃለሁ?» አለች ሀዳስ። «እሷ ምን አለች?»

«እናቴ? ነገርኩሽ እኮ።»

«እናትሽን አላልኩም። አክስትሽ።»

ለትዋብ አሁን ገባት። አክስቷን ማንም አልጠየቃትም። እናቷም፣ አባባ ዘበነም፣ እሷም። ሦስት ቀን ሙሉ ስለ አንዲት ሴትዮ ግንባር ሲጨነቁ ባለግንባሯን ያስታወሰ የለም። እንዲህ ያለ ሞኝነት ምን ይባላል?

ከትምህርት ቤት በሩጫ ነው የገባችው። እናቷ ገና አልመጣችም። የውጭ አገር መደወያ ካርዱ መሳቢያ ውስጥ አለ፤ የተረፈው ደቂቃ ግን ጥቂት ነው። ቦጋለች የራሷ ስልክ የላትም፣ የሚደወልላት በጎረቤቷ ሞባይል ነው። ትዋብ ደወለች፤ ጎረቤትየዋ አነሳች፤ «ቆይ ልጥራት» ብላ ሄደች፤ ደቂቃው ይቆጥራል። ትዋብ መቀበያውን አስቀምጣ ድምፅ ማጉያውን ከፈተችና ከስልኩ ጎን መሬት ላይ ተቀመጠች።

«አቤት፣ ማን ልበል?» ድምፁ ከሩቅ፣ ዘግየት ብሎ ይደርሳል።

«አክስቴ፣ ትዋብ ነኝ።»

«ትዋቤ፣ አፈር ስሆን! ምን ሆናችሁ? እናትሽ ደህና ናት?»

«ሁላችንም ደህና ነን። አክስቴ፣ ካርዱ ሊያልቅ ነው፤ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የላክሽውን ፎቶ... እኔ ነኝ፣ በኮምፒዩተር ግንባርሽን አጸዳሁት።»

«ምኔን አጸዳሽው?»

«ግንባርሽን። ንቅሳቱን።»

«እዚያው ሆነሽ?» ከዚያ ቦጋለች ሳቀች። «ኧረ አለ። ይኸው አሁን ዳበስኩት።»

ትዋብም ሳታስበው ሳቀች፤ እንባዋ ግን መጣ። በቸኮለ አማርኛዋ፣ ሲያቅታት ዕብራይስጥ እየደነቀረች፣ ነገሩን አስረዳቻት። ፎቶው ፋይሉ ውስጥ እንደገባ፣ እናቷ ለምን እንደመረጠችው፣ አባባ ዘበነ ስለ ሰውየው ጢም ያሉትን። ወዲያ ማዶ ቦጋለች «እሽ፣ እሽ» እያለች ሰማቻት።

«እንግዲህ አንች ልጅ» አለች በመጨረሻ፣ «ደግ አደረግሽም ክፉ አደረግሽም አልልሽ። እኔም መስታወት ፊት ስቆም የምጠላው ቀን አለ። የነቀሱኝ ልጅ ሆኜ ነው፣ የጠየቀኝ የለም። የእናትሽም ፍርሃት ይገባኛል፣ አልፈርድባትም። ግን አንድ ነገር ንገሪኝ። ስምንት ዓመት የተቀመጥኩት አንድ ቀን በስሜ እስኪጠሩኝ ነው። የጠሩኝ ቀን ያንን ወረቀት አውጥተው ‹ይች አንች ነሽ ወይ?› ሲሉኝ ምን ብዬ ልመልስ?»

ትዋብ ከኋላዋ የቁልፍ ድምፅ ሰማች። ዞር ስትል እናቷ ኮሪደሩ ላይ ቆማለች፤ በሩን እንኳ አልዘጋችውም። ከየት ጀምሮ እንደሰማች አይታወቅም። የመጨረሻውን ግን ሰምታዋለች።

«ይሻሽ አጠገብሽ አለች?» አለች ቦጋለች።

«አለሁ፣ እትዬ» አለች ይሻሽ ከቆመችበት።

«ሰማሽኝ?»

«ሰማሁሽ።»

ሌላ ነገር ልትጨምር ወደ ስልኩ ጠጋ ስትል የተቀዳ የሴት ድምፅ በዕብራይስጥ የካርዱ ጊዜ እንዳለቀ ተናገረና መስመሩ ተቋረጠ። ይሻሽ በሩን ዘጋች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

ትዋብ ክፍሏ ገብታ ያልተነካውን ፎቶ ይዛ ወጣች። አክስቷን የሚያመጣት የትኛው ፎቶ እንደሆነ አሁንም አታውቅም። መስቀሉን አይቶ ፋይሉን የሚዘጋ ሰው ይኖር ይሆናል፤ ላይኖርም ይችላል። እናቷ የፈራችው ነገር ቢደርስስ? ያኔ ጥፋቱ የትዋብ ነው። ሆኖም ፎቶውን አልመለሰችውም።

«አባባ ዘበነ ቤት ልሄድ ነው» አለች። «ይህን ልሰጣቸውና ያንን ልቀበላቸው።»

እናቷ ቀና ብላ አላየቻትም። «ብቻሽን?»

«ብቻዬን።»

«ለምን ቀየራችሁት ሲሉሽ ምን ትያቸዋለሽ?»

«እንጃ። እዚያ ስደርስ አስባለሁ።»

ትዋብ ፎቶውን በደብተሯ መሃል አስገብታ፣ ደብተሩን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ፣ በሩ ጋ ደረሰች። ቁሚ የሚል ድምፅ ጠበቀች፤ ቢመጣ እንደማትቆም ታውቃለች፣ ቢሆንም ጠበቀች።

«ትዋብ» አለች እናቷ።

ትዋብ የበሩን እጀታ ይዛ ቆመች።

«ከጠየቁሽ፣ እናቴ ናት የላከችኝ በያቸው።»

«አልላክሽኝም እኮ።»

«ይኸው ላክሁሽ» አለች ይሻሽ። «ሂጅ፣ አውቶቡሱ ሳያመልጥሽ።»